ስክሪን ለማስቀየር የስልኬን መክፈቻ ቁጥር መስጠት አለብኝ?

ጥያቄ፦ መምህርቷ ከአዘዞ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ሳምሰንግ ስልኬ ወድቆ ስክሪኑ ተሰነጠቀ። ከላይ ያለው ይታያል፣ ሲነኩትም ይሠራል፤ ታችኛው ክፍል ግን ጭራሽ አይሰማም። የመክፈቻ ቁጥሩን መጻፍ ስለማልችል የምከፍተው በጎን ባለው አሻራ ብቻ ነው። ጎንደር ፒያሳ አንድ ጥገና ቤት ስወስደው ልጁ «ኤልሲዲው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው፤ ስልኩን ከነፓስወርዱ ተዪውና በሁለት ቀን ትወስጃለሽ» አለኝ።

ስልኩ ላይ ቴሌብር አለ፣ የባንክ መተግበሪያ አለ፣ የተማሪዎቼ ውጤት አለ። ከሁሉም በላይ የእህቴ የመልስ ፎቶዎች አሉ፤ ሴቶች ብቻ ሆነን ቤት ውስጥ የተነሳናቸው ናቸው። ልጁን ክፉ ነው አላልኩም፤ ትሑት ልጅ ነው። ግን ሆዴ አልቆርጥ አለ። ቁጥሩን ሳልሰጥ ማሠራት ይቻላል? ነገ ጠዋት ልመልስለት ነው።

መልስ፦ የማራኪው

እህቴ፣ ምንም ይሁን ምን ሲም ካርዱንና ሚሞሪ ካርዱን አውጥተሽ ቤት አስቀሪ። ስክሪን ለመቀየር ሲም አያስፈልግም። ሲሙ በሰው እጅ ካለ ለማረጋገጫ የሚላከው ኮድ ሁሉ የሚደርሰው እዚያ ነው፤ የቴሌግራሙም፣ የጂሜይሉም። ሲሙን ቁልፍ ባለው ስልክ ላይ ክተቺው፤ ቴሌብርሽን በ*127# እዚያው ትጠቀሚያለሽ። ደግሞ የስልክሽ መክፈቻና የቴሌብር ፒንሽ አንድ ዓይነት ከሆኑ ዛሬውኑ ለያቸው።

መልስ፦ አባ ወራው

ልጄ፣ እኔ ዓመታት ሙሉ አንድ ልጅ ጋር ነው የማሠራው፤ ቁጥሩንም እነግረዋለሁ፤ አንድም ቀን የጎደለብኝ ነገር የለም። የሰው ልጅ ካልተማመነ እንዴት ይኖራል? የምታውቂው ሰው ጋር ውሰጂው፣ ያ ይበቃል።

መልስ፦ ጠጋኙ

አባቴ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ በዚህ አልስማማም። እኔ ራሴ ስልክ የምጠግን ሰው ነኝ። ደንበኛው የሚያውቀው እኔን ነው፤ ቁጥሩ ግን በወረቀት ተጽፎ ስልኩ ጀርባ ላይ ይለጠፍና ጠረጴዛ ላይ ይውላል። ሥራ የሚለማመድ ልጅ ያየዋል፣ ሻይ ሊጠጣ የገባ ጓደኛ ያየዋል። ስለዚህ ጥያቄው የኔ ታማኝነት ብቻ አይደለም። እኔ ቁጥር መቀበል ካቆምኩ ቆይቻለሁ፤ ለኔም ዕረፍት ሆኖልኛል፤ አንድ ነገር ቢጠፋ ማንም ወደ እኔ ጣቱን አይቀስርም።

እህቴ፣ መጀመሪያ ይህን ልብ በይ፦ ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ስልክሽ ሱቅ የሚያድርበት ምክንያት የለም። ልጁ የሚፈልገው ትክክለኛውን የሞዴል ቁጥር ነው፤ ካርቶኑ ላይ አለ፣ ሴቲንግ ውስጥም አለ። ቀብድ ስጪው፣ ዕቃው ሲገባ ይደውልልሽ፣ ያኔ ይዘሽ ሂጂ። መቀየሩ ራሱ የጥቂት ሰዓት ሥራ ነው። የሚያቆየው ሙጫው እስኪይዝ ነው፤ እሱን እዚያው ጠብቂ።

ቁጥር የምንጠይቀው አዲሱን ስክሪን ለመፈተሽ ነው። ስልኩ ተቆልፎም አብዛኛው ይፈተሻል። የአደጋ ጊዜ ጥሪ የሚለውን ከፍቶ ቁጥሮቹን ሁሉ መንካት፣ የጎኑን ቁልፍ ሁለቴ ተጭኖ ካሜራውን ማስነሳት፣ ቻርጀር ሰክቶ ማየት፤ ይኼ ሁሉ ያለ ቁጥር ይሆናል። የቀረውን አንቺ ስትደርሺ ሲሙን ከትተሽ ይደወልልሽ፤ ስፒከሩንና ማይኩን ትሰሚያለሽ። ከዚያ ራስሽ ከፍተሽ አንድ መተግበሪያ በጣትሽ ይዘሽ ስክሪኑን ከዳር እስከ ዳር ጎትቺው። መሀል ላይ ከለቀቀሽ ያ ቦታ አይሠራም ማለት ነው፤ ከሱቁ ሳትወጪ ተናገሪ። «ያለ ፓስወርድ አልሠራም» ካለሽ ሌላ ቤት ሂጂ። ፒያሳ ላይ ጥገና ቤት ሞልቷል።

መልስ፦ ኮምፒውተር ተማሪ

ጠጋኙ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው፣ ስልክሽ አንድሮይድ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሜንቴናንስ ሞድ ሊኖረው ይችላል፤ ብዙ ሳምሰንጎች አላቸው። ሴቲንግ ውስጥ ባትሪና ዲቫይስ ኬር ከሚለው ሥር ፈልጊው። ሲበራ ስልኩ ጠፍቶ ይነሳና ልክ እንደ አዲስ ስልክ ባዶ ይሆናል፤ ፎቶ የለ፣ መልእክት የለ፣ የሰው ስም ዝርዝር የለ። ጠጋኙ የፈለገውን ይፈትሻል። ከዚያ የሚወጣው በአንቺ አሻራ ወይም ቁጥር ነው።

ታችኛው ክፍል ለማይነካው ደግሞ ዘዴ አለው። በአሻራ ከከፈትሽ በኋላ አውቶ ሮቴትን (ስልኩ ሲጋደም ምስሉ አብሮ እንዲዞር የሚያደርገውን) አብሪና ስልኩን አጋድሚው፤ ታች የነበረው አዝራር ወደሚሠራው በኩል ይመጣል። ካልሆነ በኦቲጂ (ማውዝን ከስልክ ጋር በምታገናኘው ትንሽ ማገናኛ) ማውዝ ሰክተሽ ተጠቀሚ፤ ቀስቱ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። እስከዚያ ግን ባትሪው እንዳይዘጋ አደራ! ጠፍቶ ከተነሳ በአሻራ አይከፈትም፣ ቁጥሩን ነው የሚጠይቅሽ። የመልሱን ፎቶዎች ዛሬ ማታ በኬብል ኮምፒውተር ላይ ገልብጫቸው። ሜንቴናንስ ሞዱን ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ ስልኩን ልትሰጪ ስትይ አብሪው።

መልስ፦ ሕግ የተማረች

ስክሪን እንዲቀይር መፍቀድ ፎቶ እንዲያይ መፍቀድ አይደለም። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒውተር መግባትን ወንጀል አድርጎታል፤ በአዋጁ አነጋገር ስልክም ኮምፒውተር ነው። ግን እህቴ፣ ፎቶ አንዴ ከወጣ ሕግ አይመልሰውም። መከላከሉ ይሻልሻል።

የጠያቂዋ መልስ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ሞዴሉን ካርቶኑ ላይ አገኘሁት፤ ነገ ቀብዱን ብቻ ሰጥቼ እመለሳለሁ። አንድ የቀረኝ፦ ስልኩ ላይ ያለውን ጂሜይል የከፈተልኝ ስልኩን የሸጠልኝ ባለሱቅ ነው። ፓስወርዱን አላውቀውም። ይኼ ያሳስባል?

መልስ፦ ኮምፒውተር ተማሪ

በጣም ያሳስባል! ከስክሪኑም በላይ። በእኛ አገር ብዙ ሰው እንዲሁ ነው የሚከፈትለት። የጉግል ፎቶ ባክአፕ (ፎቶዎችሽን ቅጂ አድርጎ ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው) በርቶ ከሆነ ፓስወርዱን የሚያውቅ ሰው የእህትሽን ፎቶዎች ቤቱ ተቀምጦ ማየት ይችላል። ስልኩ ፍላሽ ከተደረገ (ሁሉም ተደምስሶ እንደ አዲስ ከተነሳ) ደግሞ ያንኑ ጂሜይል ሊጠይቅሽ ይችላል፤ ፓስወርዱ ከሌለሽ ስልክሽ ተቆልፎ ሊቀር ይችላል።

አዲሱ ስክሪን እንደገባ ቤት ሆነሽ ሴቲንግ ውስጥ ጉግል የሚለውን ክፈቺና ሴኩሪቲ ግቢ። ፓስወርድ ቀይሪ ስትይው የድሮውን ቢጠይቅሽ «ረሳሁት» በይው፤ አካውንቱ ስልክሽ ላይ ስላለ ብዙ ጊዜ በዚያው በስልኩ አረጋግጦ ያሳልፍሻል። ከዚያ መልሶ ማግኛ ተብሎ የተመዘገበውን ስልክ ቁጥር እዪ፤ የባለሱቁ ከሆነ አጥፍተሽ የራስሽን አስገቢ። ጉግል ለ7 ቀን ያህል በድሮውም ቁጥር ኮድ ሊልክ ስለሚችል ሳምንቱን ማሳወቂያዎችሽን ተከታተዪ። የተገናኙ ስልኮች ዝርዝር ላይ የማታውቂው ካለ አስወጪው። ቴሌግራም ላይም ዲቫይስስ የሚለውን ግቢና ከአንቺ ስልክ ሌላ ያለውን ሁሉ ዝጊ፤ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውንም እዚያው ቴሌግራም ላይ ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ከሚለው ሥር አብሪ።

ጂሜይሉ አልመለስ ካለ አትጨነቂ፤ በራስሽ ስም አዲስ ክፈቺ፣ ስልክ ቁጥሮችሽንና ፎቶዎችሽን ወደዚያ አዛውሪ። ከድሮው ጉግል ፎቶ ላይ ምስሎቹን አጥፍተሽ፣ ከመጣያውም ደምስሰሽ፣ በመጨረሻ የድሮውን አካውንት ከስልኩ አንሺ።