የነፋስ ፓምፕ ራስ ማማ ላይ ለማውጣት የሠራነው ምሰሶ ይሽከረከራል፤ ምን ይሻላል?

ጤና ይስጥልኝ። መቂ አጠገብ ላለ የመስኖ ጉድጓድ 10 ሜትር ከፍታ ያለው ባለአራት እግር ማማ ቆሟል። የቀረው 160 ኪሎ የሚመዝነውን የፓምፑን ራስ (ክንፎቹና ጭራው የሚገጠሙበትን ክፍል) ማውጣት ነው፤ ክንፎቹና ጭራው በኋላ ለየብቻ ይወጣሉ። ክሬን ስለማይገኝ ባለ 3 ኢንች፣ 5 ሜትር ርዝመትና 4 ሚሊ ውፍረት ያለው ቱቦ እንደ ማንሻ ምሰሶ በአንዱ እግር ላይ በሁለት ዩ ቦልት (የU ቅርጽ ባለው ቡሎን) ታስሯል። 2 ሜትሩ ከእግሩ ጋር ተደርቧል፣ 3 ሜትሩ ከማማው በላይ ወጥቷል። ፑሊው ከጫፉ በ15 ሴንቲሜትር ክንድ ተንጠልጥሏል።

በ160 ኪሎ አሸዋ ሲሞከር፣ ገመዱ ከ15 ሜትር ርቀት በመኪና ስለተሳበ ቱቦው 5 ሴንቲሜትር ያህል ጎበጠ። ማማው ሥር ሁለተኛ ፑሊ ታስሮ ገመዱ ከቱቦው ጎን ለጎን ቀጥ ብሎ ሲወርድ ይሄ ተፈታ። ገመዱ በሁለቱም በኩል ወደ ታች ስለሚስብ ግን የጫፉ ፑሊ ላይ የሚያርፈው የጭነቱ እጥፍ፣ 320 ኪሎ ነው።

ያስቸገረው መጨረሻው ላይ ነው። የላይኛው መቆሚያ ጣውላ እንዳይገጨው ጭነቱ በመምሪያ ገመድ 1 ሜትር ወደ ውጭ ይሳባል። ከጫፉ 10 ሜትር ዝቅ ብሎ ሳለ 16 ኪሎ ይበቃል፤ 2 ሜትር ሲቀረው ወደ ጎን ብቻ 80 ኪሎ ይፈልጋል። ያኔ ቱቦው ዩ ቦልቱ ውስጥ ይዞራል፤ ቀለሙ ተፍቆ ብረቱ አብርቷል።

ቱቦው ላይ አንግል ብረት በይዶ ከእግሩ ጋር በቡሎን ማሰር ይበቃል? ወይስ ከጫፉ በተቃራኒ በኩል የብረት ገመድ መወጠር የግድ ነው? ከተወጠረስ፣ የፓምፑ ራስ ወደ ማማው መሃል ሲገባ ገመዱ እንዳያግደው የት ይታሰር? እባካችሁ፣ ላይ ሁለት ሰው ስለሚቆም ሳይረጋገጥ አይነሳም።