ሬዚን ፎርማ ውስጥ የሚፈስ የሲሊኮን ቁልፍ ገጹ አልደርቅ አለ፤ መፍትሔ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። 16 ቁልፍ ያለው የሚዲ መቆጣጠሪያ (ቁልፎቹ ሲጫኑ የሙዚቃ መሣሪያን ወይም የኮምፒውተር ሙዚቃ ፕሮግራምን የሚያዝ ሰሌዳ) እየሠራሁ ነው። ቁልፎቹ 15 በ15 ሚሊሜትር ናቸው፤ በእያንዳንዳቸው ሥር አንድ ደብሊውኤስ2812ቢ ኤልኢዲ (ቀለሙ በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ መብራት) አለ። ኮዱና ቦርዱ ደህና ናቸው። ሁሉም በሙሉ ነጭ ሲበሩ ወደ 960 ሚሊአምፔር ስለሚስቡ ለብቻቸው 5 ቮልት ተሰጥቷቸዋል፣ ግራውንዱ ግን የጋራ ነው።

ያስቸገረኝ ቁልፎቹን ከሲሊኮን መሥራቱ ነው። ሲሊኮኑ በፕላቲነም የሚደርቅ፣ በክብደት 1 ለ 1 የሚደባለቅ፣ ጥንካሬው ሾር ኤ በሚባለው የጎማ ጥንካሬ መለኪያ 40 ነው። ፎርማው በሬዚን ፕሪንተር (ፈሳሽ ፕላስቲክን በብርሃን እያጠነከረ በሚያትም 3ዲ ፕሪንተር) የታተመ ነው። የቁልፉ መሀል በደንብ ይጠነክራል፤ ፎርማውን የነካው ገጽ ግን እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ኩባያው ውስጥ የተረፈው ሲሊኮን በትክክል ስለሚደርቅ ችግሩ የድብልቁ አይደለም፤ ከሬዚኑ የሚወጣው ቅሪት ፕላቲነሙን እያዳከመው ነው። ፎርማውን በአይሶፕሮፒል አልኮል አጥቤ፣ በአልትራቫዮሌት አድርቄ፣ 60 ዲግሪ ላይ ለሰዓታት አሙቄዋለሁ። ማጣበቁ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም።

በፒኤልኤ (በተለመደው የ3ዲ ፕሪንተር ፕላስቲክ ክር) የታተመ ፎርማ ላይ ይደርቃል፣ ግን የንብርብሮቹ መስመር መብራቱ ሲበራ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ለእንዲህ ያለ ቁልፍ ደግሞ ጥርት ያለ ገጽ ዋናው ነገር ነው። በቲን የሚደርቀው ሲሊኮን ከሬዚኑ ጋር ይስማማል፤ ነገር ግን እያደር ስለሚኮማተርና ስለሚደክም ሁልጊዜ ለሚመታ ቁልፍ አይሆንም።

ሬዚኑን በአክሪሊክ ቫርኒሽ ወይም በፒቪኤ (በውሃ በሚሟሟ ስስ ሽፋን) ቀብቶ የተሳካለት አለ? ስንቴ ተቀባ? በቁልፎቹ መካከል ያለው 0.6 ሚሊሜትር ስስ ክፍልስ አልተደፈነም? ወይስ ፒኤልኤውን በፕራይመር (ከቀለም በፊት በሚቀባ መሙያ) ሞልቶ በ800 ብርጭቆ ወረቀት ማለስለሱ ይሻላል?