የቻይና የእንግሊዝኛ መምህርነት ኮንትራት ተልኮልኛል፤ ከመፈረሜ በፊት ምን ላጣራ?

ቲቸር ከቱሉ ዲምቱ

ሰላም ለሁላችሁ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ አንድ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ዲግሪዬ በእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ነው፣ የማስተማር ልምድም አለኝ። ቴሌግራም ላይ ማስታወቂያ አይቼ ሲቪ ላክሁ፣ ከዚያ በቪዲዮ ትንሽ አናገሩኝና ወዲያው አለፍሽ አሉኝ። ቻይና ውስጥ ያለ የቋንቋ ማሠልጠኛ ነው ይላሉ።

ደመወዙ በወር 12,000 ዩዋን ነው። ቤት ይሰጣሉ። ትኬቱን መጀመሪያ እኔ እገዛለሁ፣ በኋላ ይመልሱልኛል ተብሏል። ኮንትራቱ ሁለት ገጽ ነው። ኤጀንቱ እዚሁ አዲስ አበባ ያለ ያገራችን ልጅ ነው፤ መጀመሪያ በቢዝነስ ቪዛ ግቢ፣ እዚያ ከደረስሽ በኋላ ወደ ሥራ ቪዛ ይቀየርልሻል ይላል። ለፕሮሰስ 400 ዶላር በብር ተመንዝሮ እንድከፍልና እስከ አርብ እንድፈርም ይፈልጋል። ዓመት ሳይሞላኝ ካቆምኩ ደግሞ 3,000 ዶላር ቅጣት እንደምከፍል ተጽፏል፣ ይሄ ትንሽ ከነከነኝ።

ባለቤቴ ረጋ በይ ይለኛል፣ እናቴ ሻንጣ ማየት ጀምራለች። የኛን ደመወዝና የቤት ኪራዩን ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ዝም ብዬ የማልፈው ነገር አይደለም። የሄደ ሰው ካለ በግልጽ ይንገረኝ። “ፈጣሪ ይርዳሽ” ብቻ እንዳትሉኝ፣ እሱን እናቴ እያደረገችው ነው።

ጓንጆ የነበርኩ

እህቴ፣ አትፈርሚ። ደመወዙን ተይው፣ ቪዛውን ተመልከቺ። ቻይና ሥራ የሚሠራው በዜድ ቪዛ ነው። የቢዝነሱ ኤም ነው የሚባለው፣ ለነጋዴ ነው እንጂ ለአስተማሪ አይደለም። ዜድ ለማግኘት ቀጣሪው መጀመሪያ እዚያው አገር የሥራ ፈቃድ ማሳወቂያ ያስወጣል፣ አንቺ ያንን ወረቀት ይዘሽ እዚህ ኤምባሲ ትገቢያለሽ፣ ከገባሽ በኋላ ደግሞ በ30 ቀን ውስጥ ወደ መኖሪያ ፈቃድ ይቀየራል። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። “እዚያ ይቀየርልሻል” ያለሽ ሰው ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል፣ ሁለቱም ላንቺ አይጠቅምም።

ያለ ፈቃድ ስትሠሪ ብትያዢ ሕጋቸው ግልጽ ነው፤ ቅጣቱ ከ5,000 እስከ 20,000 ዩዋን ሲሆን ከበድ ካለ ደግሞ ከ5 እስከ 15 ቀን ያሳስራል፣ ከዚያ መባረርም አለ። ቀጣሪሽም ይቀጣል፣ ግን እሱ አገሩ ነው።

አሁን ማንም የማይነግርሽን ልንገርሽ። የቻይና የሥራ ፈቃድ መመሪያ በመርህ ደረጃ የቋንቋ መምህር ቋንቋው አፍ መፍቻ ከሆነበት አገር እንዲመጣ ነው የሚፈልገው፣ ከዲግሪና ከ2 ዓመት ልምድ ጋር። በኢትዮጵያ ፓስፖርት “እንግሊዝኛ መምህር” ተብሎ ፈቃድ ማውጣት የሚከብደው ለዚህ ነው። እኔ የማውቃቸው በወረቀት የሚሠሩ ሐበሾች ሒሳብና ሳይንስ በእንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ናቸው። ስለዚህ ኤጀንቱን አንድ ነገር ጠይቂው፤ ፈቃዱ የሚወጣልኝ በምን የሥራ መደብ ነው? በጽሑፍ ይመልስልሽ። ቢንተባተብ ወይም “እሱን ለኛ ተይው” ካለሽ ነገሩ አልቋል።

ሌላ፣ የድርጅቱን የቻይንኛ ስምና ባለ 18 አሃዝ የምዝገባ ኮድ ጠይቂ። እያንዳንዱ ሕጋዊ ድርጅት አለው፣ የቻይና መንግሥት የድርጅቶች መዝገብ ላይ ኦንላይን ይታያል። በስልክሽ እየተረጎምሽ የሥራ ዘርፉን እዪ፣ ትምህርት ካልተጠቀሰ ያ ድርጅት መምህር መቅጠር አይችልም። ኮንትራቱ ላይ ያለው ስም፣ ማኅተሙ ላይ ያለው ስምና የምታስተምሪበት ትምህርት ቤት ስም አንድ መሆን አለበት። ቀዩ ክብ ማኅተም የሌለው ኮንትራት እዚያ አገር ፊርማ ቢኖረውም ብዙ ዋጋ የለውም። የቻይንኛውንም ቅጂ ጠይቂ፣ ክርክር ሲመጣ የሚነበበው እሱ ነው፣ እንግሊዝኛው ላይ ቤት አለ ብሎ ቻይንኛው ላይ የሌለ አይቻለሁ።

ማሠልጠኛ መሆኑም ያሳስበኛል። ሐምሌ 2013 ላይ (በነሱ 2021) መንግሥታቸው የትምህርት ጫና ለመቀነስ ብሎ የግል ማስጠኛዎችን አጥብቆ ነው የያዛቸው፣ ትርፍ ለማግኘት ለተማሪዎች እንግሊዝኛ የሚያስጠኑት ቅዳሜና እሁድ እንዳይሠሩ ተከለከሉ፣ ብዙዎቹም ተዘጉ። ፈቃዳቸው ምን እንደሆነና የምታስተምሪያቸው ልጆች ስንት ዓመታቸው እንደሆነ ጠይቂያቸው።

ቡራዩ ቦይ

400 ዶላሩ ለማን ነው የሚከፈለው? በግለሰብ ስም ቴሌብር ነው ወይስ ደረሰኝ ያለው ቢሮ? ያው መልሱን እናውቀዋለን ግን ጠይቂው እስቲ 😅

ሰላማዊት ከለገጣፎ

ጓንጆ ያለው ልክ ነው፣ ግን እዚህ ቤት ሁሉም ነገር ማጭበርበሪያ ነው የሚል አመል አለ፣ እሱ ደግሞ አይመቸኝም። የኔ ታናሽ እህት በኤምሬትስ የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ታስተምራለች፣ ተከብራ ነው ያለችው። ልዩነቱን ልንገርሽ። እሷን የቀጠሯት ርእሰ መምህሯ ራሷ አናግራት፣ ክፍል ውስጥ ስታስተምር በቪዲዮ አይታት ነው። አንቺን በትንሽ ደቂቃ “አለፍሽ” ካሉ መምህር ሳይሆን ከፋይ እየፈለጉ ነው።

ዱባይ ከሆነ የግል ትምህርት ቤቶች በሙሉ ኬኤችዲኤ የሚባለው ተቆጣጣሪ ዝርዝር ውስጥ አሉ፣ እዚያ ከሌለ የለም። ኦፈር ሌተሩ ደግሞ በሰው ኃይልና ኤሚሬታይዜሽን ሚኒስቴር በኩል ነው የሚወጣው፣ ቁጥር አለው፣ ቁጥሩን አስገብታ ትክክል መሆኑን አይታለች። በዚያ አገር ሕግ የቅጥር ወጪ ከሠራተኛ ላይ መሰብሰብ ክልክል ነው። ቪዚት ቪዛ ይዘሽ ነይ የሚል ካለ እሱም ሕገ ወጥ ነው።

አንድ ነገር ግን እሷም ትንሽ ሳትሸወድ አልቀረችም። ደመወዙ ተከፋፍሎ ነው የተጻፈው፤ ቤዚክ ትንሽ፣ የቤትና የትራንስፖርት አበል ብዙ። ድምሩ ሲታይ ደስ ይላል። ግን ሥራ ስትለቂ የሚሰጠው የአገልግሎት ክፍያ የሚሰላው በቤዚኩ ብቻ ነው፣ ለመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን። ስለዚህ ጠቅላላውን ብቻ አትዪ፣ ቤዚኩ ስንት ነው በዪ።

ከዚያ ውጪ እኔ ከወረቀት ሁሉ በላይ የማምነው አንድ ነገር ነው። እነሱ ያገናኙሽን ሳይሆን አንቺ ራስሽ ፈልገሽ ያገኘሽውን፣ እዚያ ትምህርት ቤት የሚሠራ ወይም የለቀቀ መምህር አናግሪ። ሊንክድኢን ላይ የትምህርት ቤቱን ስም ጻፊ፣ ይወጣልሻል። ሲያናግርሽ “ጥሩ ነው?” አትበዪ፣ ሁሉም ጥሩ ነው ይላል። ባለፈው ወር ደመወዝ ስንተኛው ቀን ገባ? ፓስፖርትህ ማን ጋር ነው ያለው? በሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ አለህ? እንዲህ በዪው። ፓስፖርት ቢሮ ነው የሚቀመጠው ካለ መልሱን አገኘሽ።

ጋሽ ጡረተኛ

ልጄ፣ እኔ የሠራተኛ ጉዳይ ላይ ዕድሜዬን ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት፣ ስለዚህ በእኛ አገር በኩል ስላለው ሕግ ልንገርሽ። የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ አለን፣ ቁጥር 923/2008፣ በ1246/2013 ተሻሽሏል። የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድና የመድን ወጪ የአሠሪው ነው። ያንቺ ድርሻ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ወረቀት፣ ከወንጀል ነጻ ማስረጃ የመሳሰለው ነው። ስለዚህ “ትኬት ግዢና በኋላ ይመለሳል” የሚለው ከመነሻው ተገልብጧል።

ሥራውን በራስሽ ጥረት ካገኘሽም አዋጁ መንገድ አለው። ከቤት ሠራተኛነት ውጪ ላለ ሥራ በቀጥታ ቅጥር እንድትሄጂ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሊፈቅድ ይችላል፣ ኮንትራቱን አይቶ። ይህ ልጅ ግን አገናኝቶ ገንዘብ የሚቀበል ከሆነ ኤጀንሲ ነው፣ ኤጀንሲ ደግሞ ከዚሁ ሚኒስቴር ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። የፈቃድ ቁጥሩን ተቀብለሽ ሄደሽ ጠይቂ። ከቱሉ ዲምቱ ግማሽ ቀን ይወስድብሽ ይሆናል፣ ትራፊኩን አውቀዋለሁ። ቢሆንም ሂጂ።

ቅጣቱን በተመለከተ፣ ከአሠሪው የሚመጣው ቅጣት የት አለ ብለሽ እዪው። አንቺ ብትለቂ 3,000፣ እነሱ ቢያሰናብቱሽስ? ምንም ካልተጻፈ ያ ውል አንድ ጎን ብቻ ያለው ነው።

የማይረሳው

እኔ ረጅም አልጽፍም። ከሰፈራችን አንድ ልጅ ታይላንድ የቢሮ ሥራ፣ እንግሊዝኛ ብቻ ይበቃል ተብሎ ሄደ። ባንኮክ ሲደርስ በመኪና ጫኑትና ወንዙን አሻግረው ምያንማር አስገቡት። ቀኑን ሙሉ ኦንላይን ሰው ማጭበርበር ነበር ሥራው፣ ያልሠራ ይደበደባል። የካቲት 2017 ላይ አንድ የታጠቀ ቡድን 260 የሚሆኑ ሰዎችን ለታይላንድ ሲያስረክብ ከግማሽ በላይ የኛ ልጆች ነበሩ። እንግሊዝኛ የሚችል የተማረ ሰው ነው የሚፈልጉት፣ ያልተማረውን አይደለም። ቻይና ብለውሽ ትኬቱ በሌላ አገር የሚያልፍ ከሆነ፣ ወይም በመጨረሻ ሰዓት መዳረሻው ከተቀየረ፣ ቦሌ ላይም ብትሆኚ ተመለሺ።

ቲቸር ከቱሉ ዲምቱ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ እርስዎን በተለይ። የሥራ መደቡን በጽሑፍ ጠየቅሁት። መጀመሪያ “ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሄደው” አለኝ፣ ከዚያ የሌላ ሰው ቪዛ ፎቶ ስሙን በቀይ አጥፍቶ ላከልኝ። የፈቃድ ቁጥር ስጠይቀው ቢሮው ከሌላ ኤጀንሲ ጋር በሽርክና እንደሚሠራ ነገረኝ። አርብ ካለፈ በኋላ ደግሞ 400ውን 250 አደረገልኝ።

ቡራዩ ቦይ

ትንሽ ታገሺ፣ እሱ ራሱ ሊከፍልሽ ነው 😂

ጓንጆ የነበርኩ

የላከልሽ ፎቶ ላይ የቪዛውን ዓይነት እዪው፣ ከላይ አንድ ፊደል አለ። ኤም ከሆነ ራሱ ላይ መስክሯል።

ኮሪያ የሚል ሌላ ማስታወቂያም እየዞረ ነው፣ ሳይቀድምሽ ልንገርሽ። የኮሪያ የእንግሊዝኛ መምህር ቪዛ ኢ-2 በዋናነት የሚሰጠው ለሰባት አገር ዜጎች ነው፣ ከአፍሪካ ያለችው ደቡብ አፍሪካ ብቻ ናት። ኢትዮጵያዊን በኢ-2 እወስዳለሁ የሚል ሰው ምን እየሸጠ እንደሆነ አንቺው ገምቺ።

ቲቸር ከቱሉ ዲምቱ

አትፈርሚ ያላችሁኝን ሰምቼ ትቼዋለሁ። ግን መሄዱን አልተውኩም፣ የሰላማዊትን እህት መንገድ ልሞክር ነው። አንድ ጥያቄ፤ ዲግሪዬ ገና ቴምፖራሪ ነው፣ ኮስት ሼሪንጉን አልጨረስኩም። ከምን ልጀምር?

ሰላማዊት ከለገጣፎ

ከሱ ጀምሪ። ኦሪጅናሉን ካላወጣሽ ሌላው ሁሉ አይንቀሳቀስም። እህቴ ኮስት ሼሪንጓን ከፍላ ኦሪጅናሉን አወጣች፣ ዲግሪውን እዚህ በትምህርት በኩል አረጋግጣ፣ ውጭ ጉዳይ ማኅተም አስመትታ፣ ከዚያ ነው የኤምሬትስ ኤምባሲ የገባችው። ጊዜ ይፈጃል፣ ስለዚህ ሥራ እስክታገኚ አትጠብቂ። የልምድ ወረቀትሽን ደግሞ አሁን ካለሽበት ትምህርት ቤት ሳትጣይ ተቀበዪ፣ ከለቀቅሽ በኋላ ስትሄጂ ርእሰ መምህሩ ሁልጊዜ ስብሰባ ላይ ነው።

ጋሽ ጡረተኛ

ልክ ብላለች። እኔ የምጨምረው፣ ኮፒ በቂ በሆነበት ሁሉ ኮፒ ስጪ። ኦሪጅናሉን “ለፕሮሰስ” ብሎ የሚቀበልሽ ሰው ካለ አትስጪው። ስትለቂም የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጪና መልቀቂያሽን ይዘሽ ውጪ። ቪዛው እጅሽ ሳይገባ ግን ያንን ደብዳቤ አትጻፊው።