ዕዳ ያለበት ሰው ክሊራንስ ያገኛል ወይ?

ወንድሜ፣ ቨርጂኒያ ያገኘኸውን ሥራ በክሬዲት ካርድ ዕዳ የተነሳ ልተወው ወይ ብለህ ለጠየቅከው፤ አትተወው። ክሊራንሱን፣ ማለትም የመንግሥትን ምስጢር ለማየት የሚሰጠውን ፈቃድ፣ የሚያስጀምርልህ ቀጣሪህ ነው። የአሜሪካ ዜግነት ካለህ ቀሪው ፎርሙን በሐቅ መሙላት ነው።

ዕዳ የሚጠየቀው ገንዘብ የቸገረው ሰው ምስጢር ይሸጣል ተብሎ ስለሚሰጋ ነው። ስጋቱ ደግሞ ከመሬት አልተነሳም። እ.ኤ.አ. በ1985 ለሶቪየቶች ምስጢር መሸጥ የጀመረው የሲአይኤው ኦልድሪች ኤምስ ዕዳ ነበረበት። ቢሆንም መጠኑ ብቻ አይታይም። በሥራ ማጣት፣ በሕመም ወይም በፍቺ የመጣ ከሆነ ይታሰብልሃል፤ ከዚያ በኋላ ዝም ብለህ ካልተቀመጥክ። ከአበዳሪው ጋር ተስማምተህ በየወሩ እየከፈልክ ከሆነ ደረሰኞቹን ያዝ። ባንክራፕሲ፣ ማለትም በፍርድ ቤት ኪሳራ ማወጅ እንኳ በራሱ በር አይዘጋም። ታክስ ፋይል ሳያደርጉ ዓመታት ማሳለፍ ግን ሌላ ጣጣ ነው።

ፎርሙ ኤስኤፍ 86 ይባላል። ባለፉት 7 ዓመታት ከ120 ቀን በላይ ያለፈበት ክፍያ ነበረህ ወይ ይላል። ኮሳይን ያደረግክበትን፣ ማለትም ለሌላ ሰው ብድር ዋስ ሆነህ የፈረምክበትንም ይጨምራል። ለአክስትህ ልጅ መኪና የፈረምክ እንደሆነ፣ እሱ መክፈል ሲያቆም ያንተም ጉዳይ ነው። ይሉኝታ ስንቱን አስፈርሞናል!

የእኛን ሰው የሚጥለው ግን በአብዛኛው መደበቅ ይመስለኛል። «አገር ቤት ያለውን ቤት አትጻፍ፣ ማን ያውቃል» የሚል መካሪ አይጠፋም። አትስማው። ውጭ አገር ያለ ንብረትም፣ ለቤተሰብ የምትልከው ገንዘብም ይጠየቃል፤ መልስህ አዎ ስለሆነ ብቻ አትወድቅም። አውቆ መዋሸት ግን ራሱን የቻለ የፌዴራል ወንጀል ነው፣ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል። የረሳኸው ነገር ካለ መርማሪው ሳያነሳብህ ራስህ ቀድመህ ተናገር።

ወንጀልም ቢሆን እንደዚያው ነው። ከዓመታት በፊት የሆነ አንድ ጥፋት፣ ከዚያ ወዲህ ንጹህ ኑሮ ካለ፣ ብዙ ጊዜ ይታለፋል። ተደጋግሞ ከሆነ ይከብዳል። ከባድ ክስ ግን 7 ዓመት ቢያልፈውም ይጻፋል። «ጠበቃዬ ፋይሉ ተሰርዟል ብሎኛል» ብለህ እንዳትዘለው፤ ከጥቂት የአደንዛዥ ዕፅ ጉዳዮች በስተቀር በፍርድ ቤት የተሰረዘም ይጠየቃል።

በመጨረሻ፣ ክሊራንሱን ከሚወስኑት ሰዎች ጥርጣሬያቸውን የሚዘረዝር ደብዳቤ ቢመጣ ተከለከልኩ ብለህ አትጣለው። የመከላከያ ኮንትራክተር፣ ማለትም ለአሜሪካ መከላከያ በውል የሚሠራ ኩባንያ ሠራተኛ ከሆንክ ለመልስ ያለህ 20 ቀን ነው። ዳኛ ፊት ቀርበህ ማስረዳት ከፈለግክ እዚያው መልስህ ላይ ጻፈው።