ሸለምጥማጥ የማይደፍረው የዶሮ መዋያ የት ላሠራ? ጥቆማ

የለገጣፎዋ፦ ሰላም ቤቶች። ጥቂት ሳሶና የሀበሻ ዶሮዎች አሉኝ። ማታ ቤታቸው ይዘጋል፣ እሱ ችግር የለውም። ቀን ግን ጭልፊት ጫጩቶቼን ጨረሳቸው፣ ሲመሽ ደግሞ ሸለምጥማጥ ግቢውን ይዞራል። ከላይም የተሸፈነ የሽቦ መዋያ ፈልጌ ነው። የተዘጋጀ ልግዛ ወይስ ብየዳ ቤት ላሠራ?

የመርካቶ ልጅ፦ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሂጂ፣ አለቀ። ያገለገለ ፌሮ በይው ላሜራ፣ የሌለ ነገር የለም። እኔ ደንበኛ አለኝ፣ ሌላ ቤት ረግጬ አላውቅም።

ባለ ቦቫንስ፦ የተዘጋጀ እንዳትገዢ!! እኔን አንዱ ሻጭ ጉድ ሠርቶኛል። ሽቦው ከብረቱ ጋር የተያያዘው በቀጭን ማሰሪያ ነበር፣ ክረምት ሲገባ ዛገ፣ አንድ ሌሊት የሆነ አውሬ ከሥር ፈልቅቆ ገባና ጠዋት ላባ ብቻ ጠበቀኝ። «ዋስትና አለው» ያለኝ ሰውዬ ስልኩን ዘግቷል።

እንቁላል ወዳጅ፦ ውይ ያሳዝናል። ደረሰኝ አልያዝክም?

ባለ ቦቫንስ፦ የምን ደረሰኝ! በእጅ ነው የከፈልኩት።

ነገረኛው፦ ሸለምጥማጡስ ደረሰኝ ሰጠህ?

ባለ ቦቫንስ፦ ሳቅ አንተ። እንቁላል ጣይ ዶሮዎች ነበሩ እኮ።

የቢሾፍቱ ሰው፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ዶሮ የሚፈጀውን የፈንግል በሽታ አስከትቢ። ክትባቱን እዚህ እኛ ከተማ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ያመርተዋል። በዓይን ጠብታ የሚሰጥም አለ። ፈንግል ከገባ ሽቦ አያድንሽም።

የለገጣፎዋ፦ አመሰግናለሁ፣ ተከትበዋል። ኧረ ስለ ሽቦው ንገሩኝ!

ብየዳው፦ እሺ፣ ሥራዬ ስለሆነ ልንገርሽ። ያ ቀጭኑ ባለ ስድስት ጎን የዶሮ ሽቦ ዶሮዋን እንዳትወጣ ይይዛል እንጂ አውሬ አይመልስም። በብየዳ የተያያዘውን ባለ አራት ማዕዘን ግዢ፣ ቀዳዳው 13 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይሁን። ውድ ከሆነብሽ ቢያንስ ከታች እስከ ወገብሽ ድረስ እሱን አድርጊ። በማሰሪያ ሳይሆን በቡሎንና በሮንዴላ ይጠበቅ። ቆፋሪ አውሬ የሚጀምረው ከአጥሩ ሥር ነው፣ ስለዚህ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቅበሪው፣ መሬቱ ድንጋያማ ከሆነ ደግሞ ወደ ውጭ ግማሽ ሜትር አንጥፈሽ አፈር አልብሺው። ሸለምጥማጥ ግድግዳ ላይ ይወጣል፣ ጣሪያው ክፍት ከሆነ ግድግዳው ዋጋ የለውም። ግማሹን ቆርቆሮ፣ ግማሹን ሽቦ አድርጊው። በሩ ላይ ከላይም ከታችም መቀርቀሪያ። ቦታው ለአንድ ዶሮ አንድ ካሬ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ማታ ግን ወደ ቤታቸው አስገቢ፣ መዋያ ማደሪያ አይደለም።

የመርካቶ ልጅ፦ ይሄ ሁሉ ቁፋሮ ለዶሮ ነው ለባንክ? የኔ ሰውዬ ጋ ሂጂ ብያለሁ።

እንቁላል ወዳጅ፦ ባለፈው ፎቶ ስትለጥፍ ሽቦህ ዝጎ አይቼዋለሁ እኮ 😂

የመርካቶ ልጅ፦ ዝገት ቀለም ይቀባል። ሰውዬው ግን ታማኝ ነው።

የለገጣፎዋ፦ ብየዳው ተባረክ። ያልከው ሽቦ በሜትር ይሸጣል ወይስ ጥቅሉን ነው?

ብየዳው፦ በሜትር የሚቆርጡ አሉ። ከመሄድሽ በፊት ዙሪያውን ለኪ፣ የሚቀበረውንም ደምሪ።

ባለ ቦቫንስ፦ ደረሰኝ ተቀበይ!

ነገረኛው፦ እህት፣ አውራ ዶሮ ካለሽ ለፋሲካ ይሸጣል?