የሠራተኛ ሕክምና ወጪ፦ ድርጅቱ ስንት፣ ሠራተኛው ስንት?

ቦርከና ዳር (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ 140 ሠራተኛ ያለው አንድ ማምረቻ ድርጅት የኅብረት ስምምነት ድርድር ላይ ነው። በረቂቁ «የሕክምና ወጪ 80 በመቶ ድርጅቱ፣ 20 በመቶ ሠራተኛው ይሸፍናል፤ ጣሪያው በዓመት 10,000 ብር ነው» የሚል አለ። አስተዳደሩ ደግሞ ይሄ ሁሉ ደረሰኝ ከማመላለስ ለእያንዳንዱ በወር 500 ብር የሕክምና አበል ልስጥ ይላል። የትኛው ይሻላል? የሠራተኛውን ድርሻ ከደመወዝ መቁረጥ ይቻላል? ደግሞስ በሕግ 3 በመቶ የጤና መድን ይቆረጣል ሲባል እንሰማለን፤ ከዚህ ጋር አይደራረብም?

ጦሳ ሥር
ከመጨረሻው ልጀምር። የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ነው። መዋጮውን የወሰነው ደንብ ቁጥር 271 ሲሆን፣ ሠራተኛው 3 በመቶ አሠሪው 3 በመቶ ይላል። ጡረተኛው 1 በመቶ ሲያዋጣ መንግሥት 1 በመቶ ይጨምርለታል። ግን አፈጻጸሙ ተደጋግሞ የተራዘመ ነገር ነው፤ የደመወዝ ክፍል በደብዳቤ «ጀምሩ» ሳይባል በወሬ አይቆርጥም። ከጡረታው 7 በመቶና 11 በመቶ ጋር የሚያምታቱት አሉ፤ ያ የጡረታ እንጂ የሕክምና ብር አይደለም። ስምምነቱ ላይ «የማኅበራዊ ጤና መድን ሥራ ላይ ሲውል ይህ አንቀጽ በ60 ቀን ውስጥ እንደገና ይታያል» የምትል መስመር ብትገባ ያኔ ጭቅጭቅ አይኖርም። ቀኑን እናንተ ወስኑ።

ከደመወዝ መቁረጡን በተመለከተ፣ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 59ን እዩ። በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው የሚቆረጠው። ሁሉም ተቀናሽ ተደምሮ ከወር ደመወዙ አንድ ሦስተኛ አይበልጥም። የብድር ተቀናሽ ያለበት ሠራተኛ ላይ ይሄ ጣሪያ ቶሎ ይሞላል።

ሒሳብ ነኝ
80/20 ላይ ብቻ አትጨቃጨቁ። ጸቡ ያለው ጣሪያው የማን ላይ እንደሆነ ባልተጻፈበት ቦታ ነው። 12,000 ብር የወጣበት ሕክምና ውሰዱ። ጣሪያው ለጠቅላላ ወጪው ነው ከተባለ፣ ከ10,000ው 80 በመቶ 8,000 ይከፈላል፤ ሠራተኛው 4,000 ከኪሱ ያወጣል። ጣሪያው ለድርጅቱ ድርሻ ነው ከተባለ ግን የ12,000ው 80 በመቶ 9,600 ነው፤ ሠራተኛው 2,400 ብቻ ያወጣል። በዚያው በ80/20 የ1,600 ብር ልዩነት! የረቂቁ አነጋገር ሁለቱንም ያስነብባል፤ ስለዚህ «ድርጅቱ የሚከፍለው ከ10,000 ብር አይበልጥም» ብላችሁ ጻፉት፤ አስተዳደሩ ካልተስማማም ቢያንስ ምን እንደፈረማችሁ ታውቃላችሁ።

አበሉን በሚመለከት፣ የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ከግብር ነፃ ያደረገው አሠሪው ለሠራተኛው ትክክለኛ የሕክምና ወጪ የሚከፍለውን ነው። በየወሩ በጥሬው የሚሰጥ «የሕክምና አበል» ደመወዝ ላይ ተደምሮ ግብር ይከፈልበታል። በ25 በመቶ እርከን ላይ ላለ ሠራተኛ 500ው 375 ይሆናል፤ በዓመት 4,500። ድርጅቱ ደግሞ የታመመም ያልታመመም ሳይል በዓመት 840,000 ብር ያወጣል። በዚያ ብር ለታመመው ብዙ ማድረግ ይቻል ነበር። ደረሰኝ መያዝ አሰልቺ ነው፣ ልክ ነው፤ ግን ከግብር ነፃ የሚያደርገው እሱው ነው።

ሐይቅ ማዶ
አንድ ሐሳብ ጀባ ልበል። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት 20 በመቶው ውስጥ እንዳይገባ! የሕክምናው፣ የሆስፒታሉ፣ የመድኃኒቱና የሰው ሠራሽ አካሉ ወጪ የአሠሪው ነው፤ በስምምነት ወደ ሠራተኛው አይወርድም። በድርጅቱ ሰርቪስ ሲመላለስ የደረሰ አደጋም እዚሁ ውስጥ ነው። ደመወዙም ለብቻው ይታሰባል፦ መጀመሪያ 3 ወር ሙሉ፣ ቀጥሎ 3 ወር ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ የቀረው 6 ወር ከ50 በመቶ ያላነሰ።

ለተራ ሕመም ግን የዚያው አዋጅ 1156 አንቀጽ 86 ሌላ ነው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዩ 2 ወር ግማሽ፣ የመጨረሻው 3 ወር ያለ ክፍያ። የወር መዋጮ የምትቆርጡ ከሆነ ከ4ኛው ወር ጀምሮ ከምን ይቆረጣል? ሠራተኛው ሕክምና በጣም በሚያስፈልገው ጊዜ «መዋጮ አቋርጧል» ተብሎ ይወጣል። እነዚያን 3 ወራት ድርጅቱ እንዲሸፍን፣ ወይም ሲመለስ በትንሽ በትንሹ እንዲከፍል አስገቡ።

መዋጮው እኩል ብር አይሁን። 100 ብር ለ4,000 ብር ደመወዝተኛ 2.5 በመቶ ነው፤ ለ20,000 ብሩ ግማሽ በመቶ። 1 በመቶ ብትሉት 40 እና 200 ይሆናል፤ ዝቅተኛው ሠራተኛም አያጉረመርምም።

ቦርከና ዳር
እግዜር ይስጣችሁ። ከኢንሹራንስ ኩባንያ የቡድን የሕክምና ዋስትና ቢገዛስ? ቤተሰብስ ይግባ?

ጦሳ ሥር
ሊገዛ ይችላል፤ ግን ከዓረቦኑ (ለዋስትናው ከሚከፈለው ብር) በፊት የሕክምና ተቋማቱን ዝርዝር ጠይቁ። ዝርዝሩ አዲስ አበባ ላይ ብቻ የበዛ ከሆነ፣ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ማን ይታከማል? ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከታካሚው በእጅ ብር ሳይቀበል በዋስትናው የሚያክም ሆስፒታል፣ ላቦራቶሪና ፋርማሲ ለየብቻው መኖሩን አረጋግጡ። ፋርማሲው የሚረሳ ነው፤ መድኃኒት የለም ተብሎ ውጭ ሲገዛ የሐኪም ማዘዣው ከደረሰኙ ጋር ካልተያያዘ ጥያቄው ይመለሳል። የተኝቶ ሕክምና፣ የተመላላሽ፣ የጥርስና የመነጽር፣ የወሊድ ጣሪያቸውም በብዛት የተለያየ ነው፤ አንድ ቁጥር አይታችሁ አትፈርሙ።

ሐይቅ ማዶ
ቤተሰብን የትዳር ጓደኛና ልጆች ብላችሁ ወስኑት። ገጠር ያሉ ወላጆች በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በራሳቸው የቤተሰብ ካርድ ይታቀፋሉ። 2003 ላይ መድኑ ሲጀመር ከአማራ ክልል የሙከራ ወረዳዎች አንዷ የእኛዋ ተሁለደሬ ስለነበረች አሠራሩ ለአካባቢው አዲስ አይደለም። ካርዱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ከጤና ጣቢያ ሪፈር ሳይጻፍ በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ከኪሱ ይከፍላል። ተቀጣሪው ግን እዚያ ውስጥ አይገባም፤ ያ መድን የተዘጋጀው መደበኛ ቅጥር ለሌለው ነው። አብሽር፣ ረቂቁ ሲስተካከል እዚሁ ለጥፉት፤ እናየዋለን።

ሒሳብ ነኝ
አንድ ቀረ። የ20 በመቶው ተቀናሽ በአንድ ወር ይሁን በስንት? 2,400 ብር ከ6,000 ደመወዝ ላይ በአንዴ አይነሳም፤ አንድ ሦስተኛው 2,000 ነው። «በ4 ወር እኩል ተከፍሎ» በሉት፤ በወር 600 ይመጣል።