የሲንክ ማጥለያና ውታፍ በአንድ ዕቃ፦ የቱን ችግር መጀመሪያ ላስተካክል?

ቶርኖ ቤት (ጠያቂ)

ሰላም ባለሙያዎች። ለወጥ ቤት ሲንክ የሚሆን፣ ማጥለያም ውታፍም የሆነ አንድ ዕቃ እየነደፍኩ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሰው ሲንኩን ሞልቶ ዕቃ ያጥባል፣ አንዳንዴም ውሃውን እዚያው ያሳድራል። ስለዚህ ውታፉ ሌሊቱን ሙሉ መያዝ አለበት።

ልኩ ይህ ነው፦ የሲንኩ ቀዳዳ 90 ሚሊ፣ የሲንኩ ጥልቀት 20 ሴንቲ፣ ከታች 40 ሚሊ ቱቦ። ያለኝ መሣሪያ ቶርኖ፣ ትንሽ ፕሬስና የአርጎን ብየዳ ነው።

የመጀመሪያው ናሙና 0.8 ሚሊ ስቴንለስ ላሜራ ነው። በሲንኩ ቀዳዳ የሚገባው ኩባያ ከላይ ወደ ታች እየጠበበ ይሄዳል፣ በውስጡ የሚቀመጠው ቅርጫት 2 ሚሊ ስፋት ያላቸው 150 ያህል ቀዳዳዎች አሉት፣ ታች ደግሞ 38 ሚሊ አፍ ላይ የሚተኛ ጠፍጣፋ ጎማ አለ። ሦስት ችግር አሳይቷል። ሩዝና የቡና አተላ ሲገባበት ውሃው ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው። ውሃውን ለመልቀቅ ቅርጫቱን ከፍ ሳደርገው ሩዙ በጎን በኩል ያመልጣል። ሞልቼ ሳሳድረው ደግሞ ጠዋት ሲሶው የለም። የቱን መጀመሪያ ላስተካክል?

ውሃ ልክ

ሁለተኛውን አስቀድም፤ እሱ ካልተስተካከለ ሌላውን ደጋግመህ ትሠራዋለህ።

ማጥለልና መያዝ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንድ ዕቃ ሁለቱንም የሚሠራው ከፍና ዝቅ በማለት ነው፤ ዝቅ ሲል ይዘጋል፣ ከፍ ሲል ያሳልፋል። ኩባያህ ወደ ታች ስለሚጠብ ቅርጫቱ ዝቅ ሲል ጠርዙ ግድግዳውን ይነካል፤ ከፍ ስታደርገው ግን ዙሪያውን ክፍተት ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ውሃው በቀዳዳዎቹ ለማለፍ የሚገደድበት ምክንያት የለም፣ ሩዙን ይዞ በጎን ይወርዳል። ስለዚህ የኩባያውን የላይኛውን 15 ሚሊ ቀጥ ያለ ሲሊንደር አድርገው። ውስጡ 80 ሚሊ ይሁን፣ የቅርጫቱ ጠርዝ 78.5። ጠርዙ ከፍም አለ ዝቅ ከዚያ ቀጥ ካለው ክፍል መውጣት የለበትም። እንዲህ ከሆነ ቅርጫቱ መሃል ላይ ሲሆን በየጎኑ ያለው ክፍተት ከ1 ሚሊ በታች ነው፣ ወደ አንድ ጎን ቢጠጋም ከ1.5 ሚሊ አይበልጥም።

ስንት ከፍ ይበል? የ40 ሚሊ ቱቦ ውስጡ 36 ሚሊ ገደማ ነው፤ ስፋቱ ወደ 1,000 ካሬ ሚሊ ይመጣል። ከውታፉ ሥር የሚከፈተው መንገድ ከዚህ ማነስ የለበትም። ውታፉ የሚያርፍበት መቀመጫ 38 ሚሊ ከሆነ ዙሪያው 119 ሚሊ ስለሆነ 8.5 ሚሊ መነሳት አለበት። መቀመጫውን 60 ሚሊ ካደረግከው ግን ዙሪያው 188 ይሆናል፣ 5.5 ሚሊ ይበቃል። 60ውን ምረጥና 8 ሚሊ አንሳው፤ ትርፉ ለቆሻሻ ነው።

አሁን ወደ አንደኛው ችግር። ውታፉ ከቅርጫቱ ሥር ስለተያያዘ የቅርጫቱ ወለል ድፍን ነው። ስለዚህ ውሃ የሚያልፈው በጎን ግድግዳው ብቻ ነው፣ ሒሳቡም በሱ ብቻ ይሠራ። ያንተ 150 ቀዳዳዎች ባለ 2 ሚሊ ሲደመሩ 470 ካሬ ሚሊ ናቸው፤ ገና ምንም ሳይገባበት ከቱቦው ከግማሽ ያነሰ ነው። የተከፈተው ስፋት ቢያንስ ከቱቦው እጥፍ መሆን አለበት፣ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ዕቃ ሲታጠብ ግማሹ ይሸፈናል።

የቅርጫቱን አካል 68 ሚሊ አድርገው። ከኩባያው ግድግዳ ጋር በየጎኑ 6 ሚሊ ይተርፋል፣ ይህም 1,400 ካሬ ሚሊ ስለሆነ ውሃውን አያንቀውም። ቀዳዳው 2.5 ሚሊ፣ ከመሃል እስከ መሃል 4 ሚሊ፣ ረድፉ እየተዘለለ እንደ ንብ ቀፎ ይደርደር። 214 ሚሊ ርዝመት ያለው ላሜራ ላይ በረድፍ 53 ይገባል፤ 9 ረድፍ 477 ቀዳዳ ነው፣ 2,300 ካሬ ሚሊ ገደማ። ጠፍጣፋ እያለ ብሳው፣ ከዚያ ጠቅልለህ በይደው። ፕሬሱ ሲበሳ የሚተወው ሹል ጠርዝ ወደ ውጭ ይውጣ፣ እሱንም አለስልሰው። ወደ ውስጥ ከወጣ እያንዳንዷ ቀዳዳ አተላ የምትይዝ ጥርስ ትሆናለች።

ጤፍን በዚህ ለመያዝ አትሞክር። የጤፍ ፍሬ 1 ሚሊ ገደማ ነው፤ እሱን የሚያስቀር ቀዳዳ በሳሙናና በዘይት ወዲያው ይደፈናል። ጤፍ የሚታጠበው በወንፊት ነው፣ ይህ ዕቃ የሩዝ፣ የምስርና የሽንኩርት ልጣጭ ማጥለያ ይሁን።

ጎማና ጓርኒሲዮን

በመቀመጫው ስፋት እስማማለሁ፣ ለውታፉም ይጠቅማል። 20 ሴንቲ ውሃ 60 ሚሊ ክብ ላይ 565 ግራም ያህል ይጫናል፤ 38 ሚሊ ላይ ግን 227 ግራም ብቻ ነው። ይህ ክብደት ውታፉን ወደ መቀመጫው የሚጫን በነፃ የተገኘ ኃይል ነው። ሞላ የሚያስፈልግህ አይመስለኝም።

ውሃህ የጠፋው በጠፍጣፋው ጎማ ነው። ጠፍጣፋ ጎማ ያችን ትንሽ ክብደት በሰፊ ቦታ ላይ ይበትናታል፣ አንድም ቦታ አጥብቆ አይነካም። ከሥሩ አንዲት የአተላ ቅንጣት ከገባች ደግሞ ጎኑን ሁሉ ታነሳዋለች። ክፍተት ምን ያህል እንደሚያፈስ ላሳይህ፦ በ60 ሚሊ ክብ ዙሪያ 0.1 ሚሊ ክፍተት፣ 3 ሚሊ ስፋት ባለው መቀመጫ ላይ፣ በ20 ሴንቲ ውሃ ሥር፣ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ያህል ያፈሳል። ፍሳሹ ከክፍተቱ ጋር በሦስተኛ ደረጃ ነው የሚያድገው፤ ክፍተቱን በግማሽ ብትቀንሰው ፍሳሹ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ለዚህ ነው ብረት በብረት ላይ በቶርኖ የቱንም ያህል ብታለሰልሰው የማይይዘው።

የሚይዘው ከንፈር ያለው ጎማ ነው። ከንፈሩ 1.5 ሚሊ ውፍረት፣ 4 ሚሊ ርዝመት፣ ወደ ላይና ወደ ውጭ የተዘረጋ ይሁን፤ የውሃው ጫና ራሱ ከመቀመጫው ጋር ያጣብቀዋል። ቅንጣት ቢገባ ከንፈሩ በዚያች ቦታ ብቻ ይታጠፍና ዙሪያውን መንካቱን ይቀጥላል። መቀመጫውን ደግሞ በ45 ዲግሪ አዘቅዝቀህ ቅረጸው። ጠፍጣፋ መደብ ካደረግከው ደለል ይከማችበታል፣ ያዘቀዘቀ ግን በየፍሳሹ ራሱን ያጥባል።

የጎማው ዓይነት ናይትራይል (ዘይት የሚችል ሰው ሠራሽ ጎማ) ይሁን፣ ጥንካሬው በጎማ ጥንካሬ መለኪያ ሾር 50 አካባቢ። የተፈጥሮ ጎማና ኢፒዲኤም የሚባለው ሌላ ሰው ሠራሽ ጎማ በምግብ ዘይት ያብጣሉ፤ ያበጠ ከንፈር ይሸበሸብና በሽብሽቡ ያፈሳል። ሲሊኮን ሙቀት ይችላል ግን ቶሎ ይቀደዳል። ከካላማዳሪ (ከመኪና ጎማ ውስጠኛ ላስቲክ) መቁረጥም ይቻላል የሚል አይጠፋም፤ ካላማዳሪ በተፈጥሮው የተጠማዘዘ ነው፣ ውፍረቱም እኩል አይደለም፣ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የምትገዛውን ጎማ ለመፈተን ቁራጩን በካሊፐር ለካ፣ ሞቅ ያለ ዘይት ውስጥ ሦስት ቀን አቆየው፣ እንደገና ለካ። ለውጡ በዓይን የሚታይ ከሆነ ተወው።

ጎማውን አታጣብቀው። በሁለት ሮንዴላ መካከል አድርገህ በዳዶ እሰረው፣ ባለቤቱ ራሱ እንዲቀይረው። ጎማው የዕቃው አጭሩ ዕድሜ ነው፤ የማይቀየር ከሆነ ስቴንለሱ ሁሉ ከጎማው ጋር ይጣላል።

አንድ የቀረ ነገር፦ ሲንኩ መሙላት ሲጀምር የውሃው ጫና ገና ትንሽ ነው፤ 2 ሴንቲ ውሃ 57 ግራም ብቻ ነው የሚጫነው። ስለዚህ ቅርጫቱ ራሱ ክብደት ይኑረው። የመያዣውን ዘንግ ከ12 ሚሊ ድፍን ስቴንለስ፣ 60 ሚሊ ርዝመት ብትሠራው እሱ ብቻ 54 ግራም ይመዝናል።

ባለ ቧንቧ

ሁላችሁም ስለመያዝ አወራችሁ፣ ስለመትረፍ ግን ማንም አላነሳም። ይህ ነገር ቤት ያጥለቀልቃል። ውሃ ሲጠፋ ቧንቧው ተከፍቶ ይረሳል፣ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ውሃው ይመጣል፤ ውታፉ በደንብ የሚይዝ ከሆነ ሲንኩ ሞልቶ ወለሉ ላይ ይፈሳል። የሚያፈስ ውታፍ እዚህ ላይ ባለማወቅ ያድን ነበር። አንተ የሚይዝ ልትሠራ ነው፣ ስለዚህ የትርፍ ውሃ መውጫ ግዴታህ ነው።

ሲንኩ ጎኑ ላይ የትርፍ ቀዳዳ ካለው፣ ከሱ የሚመጣው ቱቦ ከውታፉ መቀመጫ በታችና ከሲፎኑ (ከሥር ካለው የታጠፈ ቱቦ) በላይ ባለው ቦታ መግባት አለበት። ከመቀመጫው በላይ ካስገባኸው ውሃው ተመልሶ ሲንኩ ውስጥ ነው።

እዚህ አገር ብዙው ሲንክ ግን ያ ቀዳዳ የለውም። ለነሱ የሚሻለው ድፍኑን ዘንግ በቁም ቱቦ መተካት ነው። ቱቦው ከውታፉ መሃል ተነስቶ በሲንኩ ውስጥ 15 ሴንቲ ይቁም፣ ከላይም ከታችም ክፍት ይሁን። ውሃው 15 ሴንቲ ሲደርስ በቱቦው አናት ገብቶ ይወርዳል። ሰው ሲያነሳውም ራሱ ቱቦው መያዣ ነው፣ እጅን ቆሻሻ ውሃ ውስጥ መክተት የለም። የውስጡ ስፋት 25 ሚሊ ከሆነ፣ ውሃው ከአናቱ 1 ሴንቲ ከፍ ሲል በደቂቃ 8 ሊትር ገደማ፣ 2 ሴንቲ ከፍ ሲል 11 ሊትር ይቀበላል። 32 ሚሊ ከሆነ በ1 ሴንቲ ብቻ 11 ሊትር ይደርሳል። የቤቱን ቧንቧ ሙሉ ከፍተህ 10 ሊትር ባልዲ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ለካ፤ ከ60 ሰከንድ ካነሰ 32ቱን ውሰድ። የቱቦው አናት ላይ ሁለት ዘንግ በመስቀል በይድበት፣ ማንኪያ እንዳይገባ።

ስለ መግጠሙ። መሃል ላይ አንድ ቡሎን አታድርግ፣ ቦታውን ለቁም ቱቦው ትፈልገዋለህ። ትልቅ ዳዶ መቅረጽም ለናሙና አድካሚ ነው። ከፍላንጁ (ከኩባያው አፍ ዙሪያ ሲንኩ ላይ ከሚተኛው ጠርዝ) ወደ ታች ሦስት ባለ 4 ሚሊ ስቴንለስ ቡሎኖች አውርድና ከሲንኩ ሥር ባለ 3 ሚሊ ቀለበት ላይ እሰራቸው። ከፍላንጁ ሥር ሲሊኮን፣ ከሲንኩ ሥር ጎማ፣ በጎማውና በቀለበቱ መካከል ደግሞ ቀጭን የፕላስቲክ ሮንዴላ ይግባ። ሦስቱን እያፈራረቅህ፣ ሩብ ሩብ ዙር አጥብቅ። የሲንኩ ላሜራ ቀጭን ስለሆነ አንዱን ብቻ ከጨረስከው ይጎብጣል፣ የጎበጠ ላሜራ ደግሞ ሲሊኮን አይመልሰውም።

ቶርኖ ቤት (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁም ቱቦውን እሠራዋለሁ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። ያለ ሞላ ከሠራሁት በ8 ሚሊ ከፍታ ላይ ምን ይይዘዋል? ስቴንለሱን ደግሞ ገበያ ላይ በማግኔት እየለየሁ ነው የምገዛው፤ ያ ይበቃል?

ውሃ ልክ

ለመያዣው ሩብ ዙር ይበቃሃል። ከቅርጫቱ ጠርዝ ሥር ሦስት እግሮች አውጣ፣ 8 ሚሊ ርዝመት ያላቸው። በኩባያው ውስጥ ከቀጥታው ክፍል በታች 4 ሚሊ ስፋት ያለው ደረጃ ቅረጽና በሦስት ቦታ ክፈተው። እግሮቹ ደረጃው ላይ ሲቆሙ ክፍት ነው፤ ቱቦውን ሩብ ዙር ስታዞረው እግሮቹ በክፍተቶቹ ይወርዳሉ፣ ውታፉ ይቀመጣል። ክፍተቱን ከእግሩ 2 ሚሊ አስፋው። ልክክ ካደረግከው አንድ የሩዝ ፍሬ ገብቶ ያንጠለጥለዋል፣ ሰውየው የዘጋ ይመስለዋል።

ጎማና ጓርኒሲዮን

ማግኔት በከፊል ነው የሚነግርህ። ጠፍጣፋ ላሜራ ላይ አጥብቆ ከያዘ 430 የሚባለው የስቴንለስ ዓይነት ነው ብለህ ተወው። ካልያዘ ግን የምትፈልገው ዓይነት 304 ሊሆን ይችላል፣ 201ም ሊሆን ይችላል፤ 201 ኒኬሉ ያነሰ ነው፣ ቶሎ ይዝጋል። 304 ራሱ በፕሬስ ከታጠፈ በኋላ በማጠፊያው ላይ ማግኔት ትንሽ ይስባል፣ በዚያ አትደንግጥ። ከታመነ ሻጭ በጽሑፍ 304 መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ጠይቅ።

ከዕቃው ጋር ለገዢው በወረቀት የሚሰጥ አንድ ቃል ካለ ስለ በረኪና ይሁን። በረኪና ያለበት ውሃ ሲንኩ ውስጥ ካደረ 304ን በነጥብ በነጥብ ይበሳዋል። ያ ነጥብ መቀመጫው ላይ ከወጣ አዲስ ጎማም አያድነውም።

ባለ ቧንቧ

ስለ ሙቅ ውሃም ልጨምር። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ናይትራይል ይችለዋል። ፒቪሲ ግን ወደ 80 ዲግሪ ሲደርስ ይለሰልሳል፤ የፓስታ ውሃ በየቀኑ የሚደፋበት ቤት መጋጠሚያው ተጣሞ ማንጠባጠብ ይጀምራል። ከዕቃህ ሥር እስከ ሲፎኑ ያለችውን ክፍል ፖሊፕሮፒሊን አድርጋት።

ናሙናውን ስትፈትን በንጹህ ውሃ አትጀምር። መጀመሪያ ሩዝ፣ አተላና ዘይት ያለበት ውሃ አሳልፍበት፣ ሳትጠርገው ዝጋው፣ 14 ሴንቲ ሙላና በግድግዳው ላይ ምልክት አድርግ። አጠገቡ አንድ ሰፊ ትሪ ውሃ አስቀምጥ፣ በትነት የሚሄደውን እሱ ያሳይሃል። ሲንኩ 40 በ35 ሴንቲ ከሆነ እያንዳንዱ 1 ሚሊ ዝቅታ 140 ሚሊ ሊትር ነው። በ8 ሰዓት ውስጥ ከትሪው ይልቅ ከ3 ሚሊ በላይ ከወረደ ከንፈሩን በጣትህ ዞረህ ዳስሰው፤ የሚያፈሰው ብዙ ጊዜ ጎማው ሲቆረጥ ምላጩ ተጀምሮ ባለቀበት ነጥብ ላይ ነው።